የአባቴ አንገት ልክ

ጥቅምት 8

ለወንድሜ ልጅ፣

ይህች ወረቀት ስትደርስሽ አንቺንም አባትሽንም በአንድ ጣራ ሥር በጤና እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው መሬት ስቀይስ የተገተርኩበት ወገብ ጡረታ መውጣቴን ሰምቶ ቂሙን እየተወጣብኝ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። በሰኔ የላክሽልኝን የቴሌስኮፕ ንድፍና ማመልከቻ እዚህ በሰው አገር ላለው የኮከብ ተመልካቾች ማኅበራችን አቀረብኩት። በመሣሪያ መሥሪያችን ለአንድ ዓመት የሚሰጠውን የሥልጠና ቦታ ስንቱ እንደሚሻማበት ነግሬሻለሁ። ኮሚቴው አየው፤ አልተቀበለውም። «የልጅ ሥራ ነው፤ ለአንድ ሰው የተሠራ ነገር ለሌላው ምን ይፈይዳል?» አሉ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራከርኩ፤ ውሃ ወቀጣ ሆነ። አይዞሽ፤ ልብሽ አይሰበር። የፊዚክስ አስተማሪነትም የተከበረ ሙያ ነው። ደግሞስ አባትሽ ያለ አንቺ ማን አለው? ዕድሜውን በሙሉ ቶርኖ ማሽን ላይ አጎንብሶ አንገቱ ቀና ማለት ተስኖታል። አንቺ ብትሄጂ ሰማዩን ማን ያሳየዋል?

በመንገደኛ እጅ አንድ ሌንስ ልኬልሻለሁ። እንዳይሰበር በወረቀት ደጋግሜ ጠቅልዬዋለሁና ስትፈቺው ተጠንቀቂ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ትንሿን አነጣጣሪ፣ በትልቁ ቴሌስኮፕ ከማየታችን በፊት ኮከቡን የምንይዝባትን፣ ፋብሪካው ከገጠማት ቦታ ለምን አነሣሻት? ለምን በቱቦው ግራ በኩል? ለምንስ ዐሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አርቀሽ? ልኩን እንዴት እንዳገኘሽው በግልጽ ጻፊልኝ፤ ባትዘገዪ ደስ ይለኛል።

አምላክ እጅሽንም ዓይንሽንም ይጠብቅልሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣

ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ ደህና ነን፤ ማለትም አባዬ ደህና ነው።

ሌንሱ ሳይሰበር ደርሷል፤ አመሰግናለሁ። ከሌንሱ ይልቅ ግን የማመሰግንዎ ስለ መጠቅለያው ነው። አባዬ ስለ እርስዎ ሲያወራ የሚስቀው በአንድ ነገር ነው፤ ወረቀት መጣል አይሆንልዎትም። በልጅነታችሁ የሳሙና መጠቅለያ ከፍራሽ ሥር አስተኝተው፣ ሲለሳለስ የቤት ሥራዎን ይሠሩበት ነበር አሉ። ይህ ጠባይዎ እንዳልለቀቀዎት አሁን ገብቶኛል። ሌንሱን የጠቀለሉት በማኅበራችሁ መጽሔት ነው።

ገጽ ሰባት ላይ እርስዎ አሉ። ባርኔጣ አድርገዋል፤ እጅዎን ቴሌስኮፕ ላይ እንደ በግ ነጋዴ ጣል አድርገውታል። ከፎቶው ሥር የእኔ ንድፍ አለ። የእኔን የሚመስል አላልኩም፤ የእኔ። እርሳሱ የጎበጠበት ቦታ ሳይቀር አለ። በገዛ እጄ የጻፍኩትም አለ፤ «አባዬ እዚህ ይቀመጣል»፤ «ግራ ትከሻው»፤ ከቀስቱ ጫፍ ደግሞ «አንገቱ ከዚህ አያልፍም»። ፊደላችንን የሚያነብ አንድ ሰው እዚያ እንደሌለ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለመፋቅ እንኳ አልደከሙም። የአገሩ ሰው ጌጥ መስሎት ይሆናል።

ቋንቋውን በትምህርት ቤት የተማርኩትን ያህል፣ የጎደለኝን በመዝገበ ቃላት እየሞላሁ ጽሑፍዎን አነበብኩት። «በጓሮዬ ሁለት ዓመት ከሞከርኩ በኋላ ለሰው ልጅ አንገት የሚስማማውን ልክ አገኘሁ» ይላል። ለሰው ልጅ! ያ ልክ የአንድ ሰው ነው ጋሼ። ቀና የማይል፣ ወደ ቀኝ የማይዞር የአንድ የቶርኖ ሠራተኛ አንገት ልክ ነው፤ ወንድምዎ ነው።

መጽሔቱ የነሐሴ ነው። የእርስዎ ደብዳቤ የጥቅምት ነው። ነሐሴ ላይ ያጨበጨቡለት ሥራ ጥቅምት ላይ እንዴት «የልጅ ሥራ» ሆነ? ወይስ ኮሚቴው አላየውም?

እርስዎ ብዬ መጻፌን የምቀጥለው አባዬ እንዲያ ስላሳደገኝ ነው፤ ሌላ ነገር አይፈልጉበት። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለማኅበሩ ጸሐፊ «ንድፉ የወንድሜ ልጅ ነው» ብለው ይጻፉ፤ ማመልከቻዬንም ይስጧት። የሥልጠናው ቦታ የሚሰጠው በየካቲት መጨረሻ እንደሆነ እዚያው መጽሔት ላይ ገጽ አራት ተጽፏል። ጊዜ አለዎት።

ልኩን እንዴት እንዳገኘሁት አልነግርዎትም።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 28

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ምግብ አልበላልኝም። በልጅነትሽ «ምላጯ» ያልንሽ ለቀልድ ነበር፤ ስሙ ሥጋ ይለብሳል ብዬ አላሰብኩም።

ልጄ፣ ነገሩ አንቺ እንዳየሽው አይደለም። ማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው ስም አያወጣም። አዘጋጁ «በእርስዎ ስም ይውጣ» አለኝ፤ ወጣ። «ሁለት ዓመት» የሚለውን የጨመረው እሱ ነው። ደግሞስ የእኔ ስምና የአንቺ ስም ምንና ምን ነው? አያትሽ አንድ፣ ደማችን አንድ። ሰው ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ከጓዳ ወደ ሳሎን ስላወጣ ሌባ ይባላል? ያቺ ቴሌስኮፕ ራሷ ከማን እጅ ወደ አንቺ እንደመጣች ረሳሽ? ስልክም ደወልኩ፤ አታነሺም። እንዲህ ነው ታላቅን ማክበር?

ይህን ልተወው። አሁን አስቸኳይ ነገር አለ። መጽሔቱን ያነበቡ ዐሥራ ሁለት አባላት አነጣጣሪውን በዚያው ልክ አሠርተዋል። ሁሉም ያማርራል። አንዲት ጡረተኛ ርዕሰ መምህርት ስታጎነብስ መነፅሯ ከቱቦው ተጋጭቶ ተሰበረ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ወፍራም ነው፤ አነጣጣሪው ጋ ለመድረስ ቴሌስኮፑን እንደ ሙሽራ አቅፎ እንደሚቆም ነገረኝ፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀብኝ። ሌላው ሁለት ቀን አንገቱን ይዞ ተኛ። የካቲት ላይ ደግሞ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ለሰው ሁሉ አሠራሩን እንዳሳይ ተመድቤአለሁ። አረጋውያን! አንገቱ ደህና የሆነ አንድ ሰው እንኳ አይኖርም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ እንዴት እንደሚገኝ ባጭሩ ጻፊልኝ። አንድ ገጽ ይበቃል። ይህን ካደረግሽ ስለ ሥልጠናው ለሚቀጥለው ዓመት አነጋግርልሻለሁ፤ ጥሩ የማያ ሌንስም ጨምሬ እልክልሻለሁ።

አምላክ ቁጣሽን አብርዶ ልቡናሽን ይመልስልሽ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 15

ለጋሼ፣

ምግብ አልበላልዎ ብሎ ከነበረ አሁን እንደሚበላልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዳቦ ጋጋሪውን ታሪክ በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል አነበብኩላቸው። የሒሳቡ አስተማሪ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ «ይሄ አጎትሽ አንድ ጫማ ሰፍቶ ለአገሩ ሁሉ፣ እግራችሁን አስተካክሉ የሚል ጫማ ሰፊ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ያቺ ርዕሰ መምህርት መነፅሯ የተሰበረው በእኔ ቁጥር ነው። ቁጥሬን ሲሰርቁ ሰውየውን ጥለውት ሄዱ፤ ቁጥር ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይኸው አዩት።

ሳሎንና ጓዳ ብለዋል። ከጓዳ ወደ ሳሎን ያወጣ ሰው ዕቃውን ለባለቤቱ «አልሸጥ ብሎኛል፤ የማይረባ ነው» አይለውም። ቴሌስኮፗን እርስዎ ሰጥተውኛል፤ እውነት ነው። ያኔ አመስግኛለሁ፤ ዛሬም አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስትመጣ አነጣጣሪው ከቱቦው ጋር ተጣብቆ በቀኝ በኩል ነበር። አባዬ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሊያይበት ሲሞክር ጉንጩ ከብረቱ ጋር ተለጥፎ፣ አንገቱ ተንቀጥቅጦ «ተይው በቃ፤ ለእኔ አልተሠራም» ብሎ የተነሣበትን አመሻሽ እርስዎ አላዩም። እኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አራት ወር የሠራሁት ያንን «ተይው» ላለመስማት ነው። የአነጣጣሪውን መያዣ በእጁ ቶርኖ ላይ ያወጣው አባዬ ነው፤ ሦስት ጊዜ አበላሽተን በአራተኛው ነው የተሳካው። የእርስዎ ጓሮ እዚህ ውስጥ የትኛው ጋ ነው?

ገጽ ሰባትን ለአባዬ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ባርኔጣው አምሮበታል» አለ። ከዚያ ወደ መሥሪያው ገባና ማሽኑን አስነሣ፤ የሚቆርጠው ብረት ግን አልነበረም። ባዶውን ሲዞር ሰማሁት። በወንድሙ አዝኖ ነው ብዬ ተውኩት። ይህንንም በእርስዎ ላይ እጽፈዋለሁ።

«ለሚቀጥለው ዓመት» ያሉትን ለራስዎ ያስቀምጡት። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ማመልከት የሚቻለው ሃያ ሰባት ሳይሞላ ብቻ እንደሆነም ገጽ አራት ላይ አለ። መቼም መጠቅለያ አድርገው ከመላክዎ በፊት አንብበውታል። ስለዚህ ለእኔ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል የለም፤ ዘንድሮ ነው፤ ወይም ጨርሶ አይደለም።

ስልክ የማላነሣው በስልክ የተባለ ነገር ስለሚተን ነው። በወረቀት ይንገሩኝ። የጸሐፊዋ አድራሻ አለኝ። እስከ ጥር አንድ ድረስ ካልጻፉላት እኔ እጽፍላታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 6

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። የዘገየሁት ልጽፈው የማልፈልገውን ነገር ለመጻፍ ድፍረት ሳሰባስብ ነው። አስገደድሽኝ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አባትሽ ደወለልኝ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ያለውን ቃል በቃል ልንገርሽ። «ወንድምዓለም፣ ያንን ወረቀት አትስጥ። ከተቀበሏት ይቺ ልጅ ትሄድብኛለች። አልተቀበሉሽም በላት፤ ያልፍላታል።» እኔ ምን ላድርግ? ታናሽ ወንድሜ ነው። በሕይወቱ ምንም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። ማመልከቻሽን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ኮሚቴው አላየውም፤ ይኸው አመንኩ።

ንድፉ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ለምሳ እቤቴ መጣና አየው። «ይሄ ምንድን ነው? ገጽ ሰባት ባዶ ሆኖብኛል» አለ። «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እናገር ነበር። እሱ ግን «አንተ ለካ እንዲህ ያለ እጅ አለህ!» አለኝ። ሃያ ዓመት በዚያ ማኅበር ወንበር ደርዳሪ ሆኜ ኖሬአለሁ ልጄ። አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ዝም አልኩ።

ጥፋቴ ዝምታ ነው። ሐሳቡ ግን የአባትሽ ነው። አሁን ለጸሐፊዋ ብትጽፊ የምታዋርጂው እኔን ብቻ አይደለም፤ የወለደሽንም ነው። የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም። አባትሽን ጠይቂው፤ ከዚያ በኋላ እጅሽ እሺ ካለሽ ጻፊ።

የአረጋውያኑ ቀን እየደረሰ ነው። ያንን አንድ ገጽ አሁንም እጠብቃለሁ።

አምላክ በመካከላችን ይግባ።

አጎትሽ


ጥር 24

ለጋሼ፣

ጠየቅሁት።

ከሥራ እንደተመለስኩ ደብዳቤዎን ይዤ መሥሪያው ገባሁ። የብረት ፍቅፋቂ እየጠረገ ነበር። ማሽኑን በእጄ አጠፋሁና አነበብኩለት። አንገቱ ስለማይዞር ሊያየኝ ሲፈልግ መላ ሰውነቱን ማዞር አለበት። አልዞረም።

«ብለሃል?» አልኩት።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ጥያቄ ነው እንዴ?»

«አዎ፤ ጥያቄ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ጥያቄ ሥራዬ ነው። ለምን?»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ብትሄጂ ማን ያሳየኛል?» አለ።

ጋሼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም፤ በእርስዎም ቢሆን። «ማንም!» ብዬ ጮኽሁ። «ማንም እንዳያሳይህ አይደለም እንዴ የሠራነው? አራት ወር ሙሉ ያንን መያዣ የቀጠቀጥነው አንተ ራስህ እንድታገኘው አይደለም? ወይስ ለእኔ ደስ ይበላት ብለህ ነው ስታፋጭ የከረምከው?»

«ና፤ ውጣ» አልኩት። ገና መምሸቱ ነበር፤ ሰማዩ ከላይ ጠቁሮ ከታች ሰማያዊ ነበር። ቴሌስኮፑን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ወደሚያሳየው አቅጣጫ አዞርኩና በርጩማውን አመቻችቼ እኔ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እጄን አጣጥፌ። «ጁፒተርን ያዝ» አልኩት። «አልችልም» አለ። «እኔ እዚህ የለሁም» አልኩት።

ተቀመጠ። ትንሽ ተነጫነጨ። ትንሽ ሰደበኝ፤ እናቴንም ጨመረ፤ ነፍሷን ይማርና። ከዚያ ራሱን እንደ ልማዱ ለቀቀውና ግራ ዓይኑ አነጣጣሪው ላይ አረፈ፤ አልተንጠራራም፤ አላጎነበሰም። ቱቦውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው። ቆየ። ከዚያ ራሱን አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ፈቀቅ አድርጎ በትልቁ ቱቦ ማያ ማየት ጀመረ። ሳይጠራኝ ብዙ ቆየ። ከአነጣጣሪው ወደ ማያው፣ ከማያው ወደ አነጣጣሪው ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ቆጠርኩ።

ሲነሣ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ጥሩ ሥራ መሆኑ ያናድዳል» አለኝ።

«አራቱም ጨረቃዎች አሉ?»

«አራቱም አሉ። በጣም ያናድዳል።»

ለጸሐፊዋ በምጽፈው ላይ «መያዣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የለካችው እሷ ናት» ብሎ እንዲፈርምልኝ ጠየቅሁት። እምቢ አለ። «ወንድሜን በወረቀት አልከስም» አለ። አልለመንኩትም። ያለ እሱ ፊርማ ደብዳቤውን በማግስቱ አስገባሁ፤ ንድፉ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፌን ቃል በቃል ተርጉሜ፣ ከሦስቱ የተበላሹ መያዣዎች ፎቶ ጋር።

ከአባዬ ጋር ገና አልታረቅንም። እራት ላይ ጨው ስንቀባበል እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ነው እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይደለም። ግን ልንገርዎ፤ የአባዬ በደል ፍርሃት ነው፤ ፊቱን አይቼ አውቄዋለሁ። እርስዎ ግን በእሱ ፍርሃት ውስጥ ገብተው ባርኔጣ አድርገው ፎቶ ተነሡ። የወንድሜን ምሥጢር ጠበቅሁ ይሉኛል። ምሥጢር የሚጠበቀው መሳቢያ ውስጥ ነው። እርስዎ ያወጡት ገጽ ሰባት ላይ ነው።

ሃያ ዓመት ወንበር ደርዳሪ መሆንዎ ያሳዝናል፤ ከልቤ ነው። አዘጋጁ እጅዎን ሲያደንቅ «የወንድሜ ልጅ እጅ ነው» ቢሉ ኖሮ እኔ በሄድኩበት ሁሉ የእርስዎን ስም አነሣ ነበር።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 19

ለምላጯ፣

ጸሐፊዋ በኮሚቴው ፊት አቆመችኝ። እኔ ሁሉን ክጄአለሁ፤ አንቺም የጻፍሽው ሁሉ እንደ ቅናት ተቆጥሮ ሊያልፍ ነበር። ያቺ ሴትዮ ግን ተንኮለኛ ናት። «ለሁለታችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። በአረጋውያኑ ቤት አንዲት የሰማንያ ዓመት እመቤት አሉ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄዱት። «አነጣጣሪው በየት በኩል፣ በስንት ሴንቲ ሜትር ይሁንላቸው?» ለእኔ እዚያው ነው የጠየቀችኝ። ለአንቺ በደብዳቤ ልካለች።

እኔ «በቀኝ በኩል፣ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር» አልኩ። እመቤቲቱ አጭር ይሆናሉ ብዬ ነው።

አንቺ ስንት አልሽ? ዘጠኝ ካልሽ ወይም ከዘጠኝ ብዙ ካልራቅሽ ወዲያው አሳውቂኝ። ካልሆነም ገና መልስ ካልላክሽ ዘጠኝ በይ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ከዚያ ማኅበር በቀር የምሄድበት ቦታ የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የት ልሂድ?

ይህን ለአጎትሽ ከነፈግሽ ግን ወደዚህ አገር ብትመጪም የቤቴን ደጅ አትረግጪም። ለአባትሽም እነግረዋለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 14

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መልሴን ከላክሁ ከስድስት ቀን በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም ዘጠኝ አልልም ነበር።

ምን እንዳልኩ ማወቅ ይፈልጋሉ። «አላውቅም» ነው ያልኩት። ጸሐፊዋን «እመቤቲቱን አይቻቸው አላውቅም፤ ሲቀመጡ ወዴት ያዘነብላሉ? በየትኛው ዓይናቸው ያያሉ? መነፅር ያደርጋሉ? የወንበራቸው መደገፊያ ይነሣል?» ብዬ መልሼ ጠየቅኋት። ከዚያ ልኩ እንዴት እንደሚገኝ ጻፍኩላት። እርስዎ አምስት ወር የለመኑኝን ገጽ ይኸው፤ አሁን ምሥጢር አይደለም፤ በሚያዝያ መጽሔት ይወጣል።

መጀመሪያ ሰውየውን ያስቀምጡ፤ ቴሌስኮፑን አይደለም። ለሚያየው ነገር ቱቦውን መካከለኛ ከፍታ ላይ ያቁሙና ሰውየው ማያው አጠገብ እንደሚመቸው ይቀመጥ። ዓይኑን ይጨፍን። አንገቱን ይልቀቅ፤ ትከሻው እስኪወርድ ይጠብቁ፤ አይቸኩሉ፤ ሰው መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ለለኪው ብሎ ቀጥ ይላል። ከዚያ ዓይኑን ይክፈት። ዓይኑ ያለበት ቦታ፣ አነጣጣሪው የሚመጣው እዚያ ነው። ወደ ዓይኑ ይምጣለት፤ ዓይኑ ወደ እሱ አይሂድ። በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ በፕላስተር አስረው አንድ ምሽት ሙሉ ይዩበት፤ በማግስቱ «አንገትህ እንዴት አደረ?» ብለው ይጠይቁት። ብረቱን የሚበሱት ከዚያ በኋላ ነው። ሴንቲ ሜትሩን መጨረሻ ላይ ይጽፉታል፤ ደግሞም ለሌላ ሰው አይሰጡትም።

ይኸው ነው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ሊጠይቁት የሚገባው ሰው ወንድምዎ ነበር፤ ስልክ ቁጥሩ አለዎት፤ «ሲለካህ ምን አደረገችህ?» ቢሉት ይነግርዎት ነበር። አልጠየቁትም። አንገት ያለው ሰው እዚያ ውስጥ እንዳለ ትዝ አላለዎትም።

ጸሐፊዋ ትናንት መልስ ሰጠችኝ። ቦታው የእኔ ነው። ሚያዝያ ሃያ እጀምራለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ እነዚያን ዐሥራ ሁለት ሰዎች አንድ በአንድ አስቀምጬ መለካት ነው፤ ከርዕሰ መምህርቷ እጀምራለሁ። ዳቦ ጋጋሪውን ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

ስለ እርስዎም ጠይቃኛለች፤ ከማኅበሩ ይሰናበቱ ወይስ ይቆዩ ብላ። የሚያባርርዎት ሰው ፈልገው ከነበረ እኔ አይደለሁም። ይቆዩ አልኩ። ምሕረት አይደለም፤ እንዲህ ብለው ለሰው እንዳይናገሩ። ወንበር የሚደረድር ሰው ያስፈልገኛል፤ ለልኬት የመጣ ሰው ሁሉ ወንበር ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ሃያ ዓመት ልምድ አለዎት።

ደጅዎን አልረግጥም፤ ስለዚህ የከለከሉኝ ነገር የለም። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ መጥተው እንዳይቀበሉኝ። በሰው ፊት «ያሳደግኋት ልጅ» እንዳይሉኝ።

አባዬ ከሦስት ቀን በፊት ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አውርዶ የተሰበረውን መቆለፊያ ቀየረው። አውጥቶ ሲያስረክበኝ ግን እንደተኮራረፍን ነው፤ «ይዘጋል» አለኝ፤ «አየሁ» አልኩት። ዛሬ ይህን ስጽፍ አልፎ ሲሄድ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አወቀ። «ለወንድሜ ሰላምታዬን አድርሺ» አለኝ።

አድርሻለሁ። የእኔ ሰላምታ ግን በዚህ ፖስታ ውስጥ የለም።

የወንድምዎ ልጅ